ኬኔን የምታስተኛው ባጃጅ

ውድ ሊሊሴ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር «እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን» ይላል። እኔ አልልም። ደህና አይደለሁማ! ዓይኔ ሚጥሚጣ የገባበት መስሏል። ባለፈው መናኸሪያ በር ላይ መሪ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ሲያቀልጠው ነው ብንን ያልኩት። እኔ ይመር! ነቀምቴ ውስጥ እንደኔ ባጃጅ የሚነዳ አሳዪኝ እስቲ። የለም። ጭቃ ነው፣ ዳገት ነው አልልም፤ ሌላው ወርዶ በሚገፋበት እኔ እያፏጨሁ ነው የምወጣው። እና እኔን ክንዴን የማታህል ልጅ ጣለችኝ። ዘረረችኝ በቃ።

የምጽፍልሽ ወድጄ እንዳይመስልሽ። ስልክሽን ስሞክር «ሊያገኟቸው አይችሉም» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ናት የምታናግረኝ። ከሷ ጋር ተላምደናል፣ አንድ ቀን ለልጃችን ለኬኔ እንጀራ እናት ላደርጋት ነው። ጆቴ ነገ በአባዱላው ወደናንተ ስለሚወጣ በሱ እልክልሻለሁ። ጽሑፌን አይተሽ እንዳትስቂ። ስድስተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ታውቂያለሽ። ኦሮምኛውን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ፣ በቁቤ መጻፍ ግን አልችልበትም፣ ስለዚህ በአማርኛዬ ቻይኝ። በእስክሪብቶ እንዳታርሚው ደግሞ፣ እናደዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው አንቺ ከሄድሽበት ቀን ነው። ትዝ ይልሻል አይደል? መኪናው ገና ሳይነጋ ነበር የሚወጣው። እናትሽ ከጉቴ መጥተው «ልጅ እያየ አይኬድም፣ ተኝታ ሳለች ሹልክ ማለት ነው፤ ስትነቃ ትረሳዋለች» አሉ። እኛም እሺ አልን። ማን እንደዚያ የማያደርግ አለ? የኔም እናት ኪራሙ እያለን ገበያ ስትሄድ እንዲሁ ነበር የምታመልጠኝ። ኬኔን አቅፈሽ አስተኛሻት። ከዚያ ክንድሽን ቀስ ብለሽ ከስሯ አወጣሽ፣ ያንን አረንጓዴ ሻሽሽን ጠቅልለሽ በክንድሽ ቦታ አስገባሽላት። እኔ ሻንጣሽን ያዝኩ። ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን ከገዛ ቤታችን እንደ ሌባ ወጣን።

መናኸሪያ ስንደርስ «ይመር፣ እውነት ትችላለህ? እናቴ ትውሰዳት» አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? «እኔ? እኔ እኮ ይመር ነኝ! አንቺ ሄደሽ የሰው ልጅ አዋልጂ፣ የራስሽን ለኔ ተይው። በሳምንት ውስጥ እንደ ድንጋይ ነው የማስተኛት» አልኩሽ። ሳቅሽ። መኪናው ሲወጣ ፊትሽን በመስኮቱ አላየሁትም። ጭጋግ ነበር። ይሁን ብቻ።

ቤት ስመለስ እናትሽ ደጅ ይጠብቃሉ፣ ኬኔ አልጋው መሐል ቁጭ ብላ ሻሹን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች። አላለቀሰችም። «አዮ ኤሳ?» አለችኝ። እማዬ የት አለች። ትመጣለች አልኳት። ወረደችና አልጋው ስር አየች። ከመጋረጃው ጀርባ አየች። ድስት ውስጥ ሳይቀር አየች፣ ሊሊሴ ሙች! እኔ ሳቅሁ። የዚያን ጊዜ የሳቅሁትን ሳቅ እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት የሚባል ነገር የለም። ትተኛለች፣ ትንሽ ቆይታ እንደተቆነጠጠ ሰው ተነስታ ትጮሃለች። አቅፌ አስተኛታለሁ፣ ትነሳለች። ወተት፣ ትጥላለች። ብስኩት፣ ትይዘውና ትጮሃለች። ስልኬ ላይ ዘፈን ከፈትኩላት፣ ጭራሽ ዓይኗ እንደ ፓውዛ በራ። ተሸክሜ ክፍሏን ዞርኩ። ክፍላችን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ሦስት እርምጃ ሄደሽ ግድግዳ ነው። እስር ቤት ያለ ሰው እንኳን ከኔ ይሻላል፣ እሱ ተኝቶ ነው የሚታሰረው።

አንድ ማታ ግን ነቃሁ። ጭንቅላት ይኑርሽ እንጂ! ይዣት ወጣሁና ባጃጇ ላይ አስቀመጥኳት፣ ሞተር አስነሳሁ፣ እስከ ዋናው አስፋልት ሄጄ ተመለስኩ። ጨላለቂ መታጠፊያ ሳልደርስ አንገቷ ወደቀ። ተኛች! ብራቮ ይመር! በማግስቱ ተራ ስንጠብቅ ለሁሉም አወራሁ። «እናንተ ልጆቻችሁን በመዝሙር ታስተኛላችሁ፣ እኔ በሦስተኛ ማርሽ ነው የማስተኛው» አልኳቸው። ቶላ፣ ያ ረጅሙ፣ «ቆይ ስታድግ ደግሞ ጥርስ በመፍቻ ትነቅልላታለህ» አለኝ። ቅናት ነው።

ምን ዋጋ አለው። አልጋው ላይ ሳስተኛት እሺ ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ «አባ!» ከበፊቱ ይብሳል። እንደገና ባጃጅ። ማታ ባጃጅ መንዳት አይቻልም፣ ሰዓቱ ካለፈ ከመንገድ ይዘው ያስቀሩሻል። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ግቢ ውስጥ አቁሜ ሞተሩን ብቻ አስነሳለሁ። ድድድድድድ። ትተኛለች። አጠፋለሁ። ትነሳለች። አስነሳለሁ። ትተኛለች። ቤንዚን በወረፋ በምንቀዳበት ዘመን እኔ ለእንቅልፍ አነደድኩት።

ኦቦ ቢራቱን ታውቂያቸዋለሽ፣ በአከራይነታቸው ክፉ አይደሉም። ሦስተኛው ማታ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ባትሪ ይዘው ወጡ።

«ይመር፣ ይሄ ግቢ ነው መናኸሪያ?»

«ኦቦ፣ ልጅ እያስተኛሁ ነው።»

«እኛንስ ማን ያስተኛን?»

 ከዚያ ኬኔን አዩዋትና ልባቸው ራራ። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ አይደሉ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ጸለዩላት። ረጅም ጸሎት ነው፣ የቀበሌውን ሰው አንድ በአንድ የጠሩ መሰለኝ። ሲጨርሱ ኬኔ ዓይኗን አፍጥጣ «አሜን» አለች። እኔ ነኝ ቆሜ የተኛሁት። ባለቤታቸው ሂሩት ከመስኮት ሆና «ጸሎቱ ለአባትየው ሠርቷል» ስትል ሰማኋት። ቀን ቀን ኬኔን የምትይዝልኝ እሷ ናት። አንደበቷ ምላጭ ነው፣ እጇ ግን ቅቤ ነው፣ እውነቱን እንናገር።

ቅዳሜ እናትሽ መጡ። የድሮ ሰው ናቸው፣ የአማች ስም አይጠሩም፣ ፊት ለፊትም አያዩኝም። ክብር ነው አውቃለሁ። ግን ሊሊሴ፣ ሰው እንዴት በክብር ይሰደባል? ኬኔን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እኔ እንድሰማ ለሷ ነው የሚናገሩት።

«ኬኔ ኮ፣ የኔ ኬኔ፣ ዓይንሽ ጎድጉዷል። ሰው ልጅን በቤንዚን ያሳድጋል እንዴ? የሚቀጥለው ቅዳሜ ከኔ ጋር ጉቴ እንሄዳለን። እዚያ ላም አለ። እዚያ ሌሊት ጸጥታ ነው።»

እኔም በሷ በኩል መለስኩ። «ኬኔ፣ ለአያትሽ አባትሽ አልሞተም በያት።»

«ኬኔ፣ አልሞተም፣ ግን ቆሞ ያንቀላፋል በይው።»

ኬኔ መሐል ቁጭ ብላ አይቧን ትበላለች።

አልተቆጣሁም። ማለቴ፣ ወጥቼ የባጃጇን ጎማ በእርግጫ መታሁት፣ እግሬ እስካሁን ያነክሳል። ሊሊሴ፣ ይህች ልጅ ጉቴ ከሄደች ተመልሳ አትመጣም። ታውቂያለሽ። «ትንሽ ትቆይ፣ ትንሽ ትጠና» እየተባለ ትምህርት ቤት ትገባለች። እኔ በቅዳሜ የሚመጣ ብስኩት የያዘ ሰውዬ እሆናለሁ። ከኪራሙ ተፈናቅለን ስንወጣ ቤቱም፣ ከብቱም፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። ያኔ «ይሁን» አልኩ። ይሄን ግን ይሁን አልልም። በሳምንት ውስጥ ካልተኛች ግን ምን አፍ አለኝ?

አሁን የምነግርሽን ለማንም አትንገሪ፣ በተለይ ለጆቴ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ኑሪያን ከመናኸሪያ ጫንኳት። ልብስ የምትነግደዋ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ ስትመጣ ያደረች። ማዳበሪያዎቿን ከኋላ ከመርኩላት፣ «ቤቴ አድርሰኝ» አለችና ገና መናኸሪያውን ሳንለቅ ማንኮራፋት። እየሄድን ሳለ ቶላ በመስኮት «ይመር! ቤንዚን ገብቷል!» ብሎኝ አለፈ። እኔ አሰብኩ። ሴትዮዋ ተኝታለች። ምን ታውቃለች? ወረፋው ሳይረዝም ልያዝ፣ ስትነቃ ቤቷ በር ላይ ነች። ቀስ ብዬ ታጥፌ ማደያው ገባሁ። እንዴት ለስላሳ አድርጌ እንደነዳሁ ብታዪ፣ እንቁላል ተሸክሜ ነው የሚመስለው።

ሞተሩን ሳጠፋ ነቃች።

ሊሊሴ፣ እንደዚያ ዓይነት ጩኸት ሰምተሽ አታውቂም። ሰምተሻል ለነገሩ፣ አዋላጅ ነሽ። ግራና ቀኝ ጀሪካን የያዘ ወንድ ብቻ ነው የምታየው። «ሌባ! ወዴት አመጣኸኝ! ያዙልኝ!» ጫማዋን አውልቃ ጭንቅላቴን፣ ትከሻዬን፣ የቀራት የለም። ወረፋው ሁሉ ከበበኝ። «ኧረ እትዬ ኑሪያ፣ እኔ ነኝ፣ ይመር! ደንበኛሽ!» ብል ማን ሰምቶ። ቶላ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ፖሊስ ሲጠጋ ነው ነፍሷ የተመለሰው።

«ይመር?» አለች። 

«አዎ! ምን ሆነሽ ነው? ቤንዚን ልቀዳ ብዬ ነው እኮ።»

«እኔ የተኛሁት መናኸሪያ ነው። ስነቃ ሌላ አገር ነኝ። ምን ሆንሽ ትለኛለህ? ነፍሴ ነው የወጣችው!»

«ተኝተሻል ብዬ ላልረብሽሽ...»

«ቀስቅሰህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ‹ኑሪያ፣ ማደያ ልገባ ነው› ብትለኝ እሰድብህ ነበር። ብሰድብህ ምን ትሆናለህ? ግን አልጮህም ነበር!»

ጫማዋን አደረገች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቶላ «መታችው መሰለኝ፣ ደነዘዘ» ይላል።

እኔ ያሰብኩት ኬኔን ነው። ልጅቷ የምትተኛው ባጃጅ ላይ ነው፣ የምትነቃው አልጋ ላይ። ሞተር እየሰማች ትተኛለች፣ ጸጥታ ውስጥ ትነቃለች። እኔ ማን አነሳኝ፣ ማን ወሰደኝ ብዬ አልጮህም? እኔ ብሆን ግቢውን አነደው ነበር! ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣብኝ። ባንቺ ክንድ ላይ ተኛች፣ በሻሽ ላይ ነቃች። ትረሳዋለች ያልነው ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትነቃው ልትቆጥረን ነው፤ ማን ቀረ፣ ማን ሄደ እያለች። ዘበኛ ሆናለች እኮ፣ ሊሊሴ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ዘበኛ።

ቤንዚኑን ሳልቀዳ ወጣሁ። ኑሪያን ቤቷ ሳደርሳት በመንገድ ላይ «አሁን ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው፣ አሁን ጉድጓድ አለ» እያልኩ ነገርኳት። «አበደ» አለች።

የዚያን ቀን ማታ የባጃጇን ቁልፍ ለኦቦ ቢራቱ ሰጠሁ። «እስኪነጋ ብለምንዎት እንኳን እንዳይሰጡኝ» አልኳቸው። ኬኔን ዓይኗ እንደበራ አልጋው ላይ አስተኛኋት። ሻሽሽን ሰጠኋት። «ይሄ የአዮ ሻሽ ነው። አዮ ሩቅ ናት፣ ሥራ ላይ ናት፣ ትመጣለች። እኔ አለሁ። አሳን ጅራ» አልኳት፣ አንቺ በምታናግሪያት አፍ። እዚሁ ነኝ። ምን ያህል እንደገባት እንጃ። ከዚያ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጮኸች። አወይ አጯጯህ! ተነሳች፣ አስተኛኋት። ተነሳች፣ አስተኛኋት። ወደ በሩ እየጠቆመች «ባጃ! ባጃ!» ትላለች። ጸጉሬን ነጨች። እኔም ጮህኩ፣ አልዋሽሽም፣ በሩን ከፍቼ ወደ ውጭ ነው ግን የጮህኩት። ትዕግስቴ አለቀና የኦቦ ቢራቱን በር አንኳኳሁ።

«ኦቦ፣ ቁልፉን።»

«ቁልፉ ተኝቷል» አሉኝ ከውስጥ።

ተመለስኩ። እሽሩሩ ስላት፣ ጀርባዋን መታ መታ ሳደርግላት፣ ደከማት። እጄን ይዛ ተኛች። ይሄ ድል እንዳይመስልሽ፣ ያን ሌሊት ስንቴ እንደነቃች ልቆጥር አልቻልኩም። ግን እንደነቃች የተኛችበትን ቦታ አገኘችው። ሻሹ አለ። እኔ አለሁ። «አባ?» ትላለች። «አሳን ጅራ» እላለሁ። ዝም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አባ?» እንደ ወታደር ሬዲዮ ነው የምታጣራው!

ጠዋት ጠዋትም መደበቅ ተውኩ። ሥራ ስሄድ ፊቷ ቆሜ «ኬኔ፣ እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ» እላታለሁ። እግሬን ጠምጥማ ትይዛለች፣ ታለቅሳለች፣ ሱሪዬን በንፍጥ ታበላሻለች። ሂሩት «ምነው እንደ ሰው ሹልክ ብትል» አለችኝ። «እኔ ከልጄ አልሸሽም» አልኳት። ትልቅ ንግግር ነው አይደል? ባጃጇ ላይ ስወጣ ግን ቁልፉን ሁለቴ ጣልኩት። ቅባት ነክቶት ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ ደረሰ። እናትሽ አንቀልባ ይዘው መጡ። አንቀልባ! አስቢው እስቲ። ኬኔ ከበፊቱ ይሻላታል፣ ግን ትነቃለች፣ ታዲያ ምን ብዬ ልከራከር? «ዛሬ እዚህ አድሬ ነገ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ ለኬኔ። እሳቸው ባሉበት ክፍል እኔ ማደር ነውር ነው፣ ስለዚህ ለኔ የቀረችኝ ባጃጇ ናት። ልክ በዚያች ማታ! ከመውጣቴ በፊት ተንበርክኬ ነገርኳት። «ኬኔ፣ ዛሬ አልጋው ላይ ከአያትሽ ጋር ነሽ። እኔ ባጃጇ ላይ ነኝ፣ በሩ ጋ። ስትጠሪኝ እሰማለሁ።» ባጃጇን ገፍቼ በሩ ስር አስጠጋኋት፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ ተኮራመትኩ።

መቼም አልተኛሁም። ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አሁን ትጮሃለች አልኩ። አሁን እናትሽ ያቅፏታል፣ አሁን አለቀልኝ።

«አባ?»

«አሳን ጅራ!» ብዬ ጮህኩ። ሳላስበው ጉሮሮዬን ሙሉ ነው የጮህኩት፣ ውሻ ሁሉ ተነሳ።

ኦቦ ቢራቱ ከቤታቸው ሆነው «አለ፣ አለ! ተኚ የኔ ልጅ!» አሉ።

ከዚያ ምንም የለም። ጆሮዬን ሸራው ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። ምንም። ተኛች፣ ሊሊሴ። ራሷ ተኛች። ማንም ሳያቅፋት፣ ሞተር ሳይነሳ።

ጠዋት እናትሽ አንቀልባውን አጣጥፈው ዘምቢላቸው ውስጥ ከተቱት።  ኬኔ ከሂሩት ልጆች ጋር ስትጫወት ሹልክ ሊሉ በሩ ድረስ ሄዱ። እዚያ ቆሙ። ተመለሱ። አጎንብሰው «ኬኔ፣ እኔ መሄዴ ነው» አሏት። ልጅቷ ኡኡ አለች፣ ነጠላቸውን ያዘች። እሳቸውም አለቀሱ። እያለቀሱ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሱም። «አባ ኬኔ፣ በርታ» አሉኝ። በቀጥታ! ለኔ! ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥለው ወጡ።

እንግዲህ ጎበዝ ነኝ ብዬ መፎከር ይገባኝ ነበር። አሁንም ትነቃለች እኮ፣ እንዳትሸወጂ። ዛሬ ጥርስ ነው፣ ነገ ጉንፋን ነው። ሰው ደከመኝ ቢል እናትሽ «ልጅ እንዲህ ነው» ይላሉ፣ ቶላ ይስቃል፣ አንቺ ኔትወርክ የለሽም። በማን ልናደድ? ለዚህ ነው ባንቺ ላይ የምናደደው።

ስለዚህ ስሚኝ። ፈቃድ ሲሰጡሽ ትመጫለሽ። ኬኔ መጀመሪያ ትሸሽሻለች፣ ከዚያ ካንገትሽ አትወርድም። ስትመለሺ ግን በሌሊቱ መኪና አትሄጂም። ረፋድ ላይ የሚወጣውን ትይዣለሽ። እሷን ባጃጅ ፊት ላይ አስቀምጬ መናኸሪያ ድረስ እናደርስሻለን። ፊቷን ይዘሽ «እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ» ትያታለሽ። ትጮሃለች። ትጩህ። ፊትሽን በመስኮቱ እንድታየው ነው የምፈልገው። እሷ ብቻ አይደለችም።

ምክንያቱም የሚያናድደኝን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ሰሞኑን እሷ ትተኛለች፣ የምነቃው እኔ ነኝ። ብንን እላለሁ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ አልጋውን በእጄ እዳብሳለሁ። ኬኔ አለች። ሻሹ አለ። ሌላው ቦታ ቀዝቃዛ ነው። ይመር ነኝ፣ አልጮህም። ግን ማንም «አሳን ጅራ» ብሎ መልስ አይሰጠኝም።

ጆቴ ተመልሶ ሲመጣ ረጅም ነገር አትጻፊልኝ፣ ለማንበብ ጊዜ የለኝም። ከፈለግሽ በቁቤ ይሁን፣ ሂሩት ታነብልኛለች። ሁለት ቃል ብቻ ላኪልኝ፤ የትኞቹን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እዚሁ ያለው፣
ይመር